የተፈረደላቸው ለምን ይፈናቀላሉ? የተገለሉ ማኅበረሰቦች ክርክር ከክስ እስከ አፈጻጸም

የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በሜይ 2017 ኬንያ የኦጊየክን ሕዝብ ከማው ደን በማስወጣቷ ሰባት የአፍሪካ ቻርተር አንቀጾችን ጥሳለች ሲል ፈረደ። በጁን 2022 ይኸው ፍርድ ቤት ለማኅበረሰቡ በጠቅላላው 157,850,000 የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል፣ መሬቱም ተለክቶና ተከልሎ በወል ስም የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲሰጥበት አዘዘ። በኖቬምበር 2023 ግን ቤት አፍራሾች እንደገና ማው ደን ገቡ፤ ከተባረሩት መካከልም ኦጊየኮች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ድሮስ ፍርድ ቤት ለተገፋ ሰው ምን ፈይዶ ያውቃል» ይላል። ሌላው፣ ፍርዱ እንከን የለውም፣ ጥፋቱ ሁሉ አልታዘዝም ያለው መንግሥት ነው ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ሁለቱም የዘለሉት ነገርም አለ። የመንግሥት እምቢታ ከባድ መሰናክል መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ማን በማን ስም እንደከሰሰ፣ ምን ማስረጃ እንደተያዘና ከሁሉ በላይ ምን ዳኝነት እንደተጠየቀ የፍርዱን ዕጣ በእጅጉ ይወስናል፤ ለእምቢታው ቀዳዳ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ይኸው ነው። ይህ ሥራ ደግሞ ዳኛ ፊት ከመቆም ከብዙ ወራት በፊት፣ ክሱ ገና ሲረቀቅ የሚያልቅ ነው።

ስልታዊ ክርክር ምንድን ነው?

ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚባለው ጠበቃ ማቆም የማይችል ሰው የራሱን ጉዳይ እንዲጨርስ የሚረዳ አገልግሎት ነው። ስልታዊ ክርክር ከዚህ ይለያል። አንድን ጉዳይ መርጦ፣ በእሱ በኩል ብዙ ሰዎችን የሚጎዳ ሕግ ወይም አሠራር እንዲለወጥ ማስፈረድ ነው፤ በአንዳንድ አገሮች የሕዝብ ጥቅም ክርክር ይሉታል። ልዩነቱ ለጠበቃው ፈተና ያመጣል። ተከሳሹ መሥሪያ ቤት አንዱን ከሳሽ ጠርቶ «ምትክ ቦታ እንስጥህና ክሱን ተው» ቢለው፣ ደንበኛውን የሚጠቅመውና ማኅበረሰቡን የሚጠቅመው ይለያያሉ፤ ውሳኔው ግን የደንበኛው ነው። ስለዚህ ስለ ዕርቅ ማን እንደሚወስን መነጋገር ያለባቸው ውክልናው በሚፈረምበት ቀን እንጂ ምትክ ቦታው ሲቀርብ አይደለም።

«የተገለለ ማኅበረሰብ» የሚለው አነጋገር በስብሰባና በሪፖርት የተለመደ ቢሆንም በፍርድ ቤት ብቻውን የክስ ምክንያት አይሆንም። መገለሉ በተጻፈ መብት ላይ መቆም አለበት፦ በእኩልነት፣ በንብረት፣ በዜግነት፣ በትምህርት፣ በእምነት ነጻነት ወይም በሕዝቦች የልማት መብት። ተከሳሽ መንግሥታት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱትም «እናንተ ማን ናችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳርቻ በ1970ዎቹ የተነሱት ኢንዶሮይሶች ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት ሲሉ፣ ኬንያ የተለየ ሕዝብ አይደሉም፣ ቱገን ከሚባለው ሕዝብ የሚለያቸው ነገር የለም ብላ ተከራክራለች። ኮሚሽኑ አልተቀበላትም። በኦጊየክ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አንድ ሕዝብ ነባር መሆኑን ለመለየት ያያቸው ነገሮች በመሬቱ ላይ ቀዳሚ መሆን፣ የራስን ባህልና አኗኗር ወዶ ጠብቆ መቆየት፣ ራሱም ሌሎችም እንደ ተለየ ሕዝብ የሚያውቁት መሆኑ፣ እንዲሁም የመገፋት ታሪክ ናቸው። ለእያንዳንዱ መመዘኛ ለየብቻው ማስረጃ ያልመደበ ክስ ስለ በደሉ ብዙ ተናግሮ ስለ ማንነቱ መልስ ያጣል።

የከሳሾች ዝርዝር

በቦትስዋና የሴንትራል ካላሃሪ የዱር እንስሳት ክልል ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ባሳርዋዎች (ሳን የሚባሉት ናቸው) በ1997 እና በ2002 ከመሬታቸው እንዲነሱ ተደረገ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ስማቸውን አስመዝግበው ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2006 በሁለት ለአንድ ድምፅ፣ የተነሱት ያለ ፈቃዳቸው ነው፣ መመለስም ይችላሉ ሲል ወሰነ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። መንግሥት ግን ወዲያው ፍርዱ የሚመለከተው ስማቸው በክሱ ላይ የሰፈረውን ሰዎችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቻቸውን ብቻ ነው አለ። በአንድ አጥር ግቢ የኖሩ ወንድማማቾች አንዱ ባለመብት፣ ሌላው መግቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ እንግዳ ሆኑ።

በዚያው ፍርድ ውስጥ ሌላ ቀዳዳ ነበረ። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ውኃና ሌሎች አገልግሎቶችን ማቋረጡ ሕገወጥ አይደለም በማለቱ፣ መመለስ የተፈቀደላቸው ሰዎች የተመለሱት ውኃ ወደሌለበት በረሃ ነው። የተዘጋውን ጉድጓድ በራሳቸው ወጪ ለመክፈት ሌላ ክስ መመሥረት ነበረባቸው፤ በ2010 ተረትተው በጃንዋሪ 2011 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈቀደላቸው። የመጀመሪያው ዝርዝር ጣጣ በዚህም አላበቃም። በ2021 መጨረሻ ያረፉ አንድ አዛውንት በትውልድ መሬታቸው ይቀበሩ ዘንድ ቤተሰባቸው ሲጠይቅ፣ መንግሥት ከ2006ቱ ከሳሾች መካከል አልነበሩም የሚል ክርክር ጭምር አቅርቦ ተቃወመ። አስከሬኑ ዓመታትን በሬሳ ማቆያ ከቆየ በኋላ ቀብሩ የተፈጸመው በዲሴምበር 2024፣ አዲስ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

ለከሳሽነት በአብዛኞቹ አገሮች የሚታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው። በስም ተዘርዝሮ መክሰስ ለማስረዳት ቀላል ሲሆን አደጋው ከላይ የታየው ነው። በውክልና መክሰስ፣ ማለትም ጥቂት ሰዎች ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሁሉ ወክለው የሚቀርቡበት መንገድ፣ ፍርዱን ለሁሉም ያዳርሳል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሌሎቹ እንዲያውቁት ማስታወቂያ ያዛል፣ ተከሳሹም «ሁሉም አልተስማሙም» የሚል ሰው ፈልጎ ያቀርባል። በማኅበር ስም መክሰስ ሰው ቢሞት ወይም ቢያፈገፍግ መዝገቡ እንዳይዘጋ ይረዳል፤ ማኅበሩ ካልተመዘገበ ወይም መመሥረቻ ጽሑፉ መክሰስን ካልፈቀደ ግን ክሱ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይወድቃል። ልምድ ያላቸው ጠበቆች ሁለቱን ወይም ሦስቱን አጣምረው ይከሳሉ።

ከዚህ በፊት የሚሠራው ወረቀት ጉዳይ አሰልቺ ስለሆነ ብዙዎች ያልፉታል። ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራል፤ ቃለ ጉባኤው ቀን፣ ቦታ፣ የተሰብሳቢ ስምና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይይዛል። ሴቶችና ወጣቶች ተገኝተው ካልፈረሙ፣ በኋላ «የሽማግሌዎች ክስ ነው» የሚል ተቃውሞ መልስ ያጣል። ተወካይ ሲሞት ወይም ሲለቅ ማን እንደሚተካው ይጻፋል። ማኅበረሰቡ በክሱ ላይ ሲገለጽ ከስም ዝርዝሩ በተጨማሪ በትውልድ ሐረግና በመኖሪያ ስፍራ እንዲገለጽ፣ «እነዚህና ዘራቸው» የሚል ሐረግም በሚጠየቀው ዳኝነት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። የካላሃሪ ሰዎች ለዓመታት የተንገላቱት እንዲህ ባለች አንዲት ሐረግ ጉድለት ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ካርታና ቁጥር

የወል መሬት ጉዳይ የሰነድ ማስረጃ የለውም ተብሎ ይፈራል። ሰነዱን ማዘጋጀት ግን ይቻላል። የኒካራጓው አዋስ ቲንግኒ ማኅበረሰብ መሬት ላይ መንግሥት 62,000 ሄክታር ገደማ ለአንድ እንጨት ቆራጭ ኩባንያ ሲሰጥ፣ ማኅበረሰቡ ያቀረበው የአንትሮፖሎጂ ጥናትና የራሱን የመሬት አጠቃቀም የሚያሳይ ካርታ ነበር። የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በኦገስት 2001 የወል ይዞታ እንደ ንብረት መብት እንደሚጠበቅ ወሰነ።

እንዲህ ያለ ካርታ የሚሠራው አዛውንቶች፣ አዳኞች፣ ማር ቆራጮችና ውኃ ቀጂ ሴቶች ከቀያሽ ጋር ቦታውን በእግር እየዞሩ ነው። በየቦታው የጂፒኤስ ነጥብ፣ የአካባቢው ስም፣ የአጠቃቀሙ ዓይነትና ወቅቱ ይመዘገባል፦ መቃብር፣ የአምልኮ ቦታ፣ የክረምት ግጦሽ፣ የበጋ ውኃ። ድንበር ብቻ የሚያሳይ ካርታ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል፤ ተከሳሹ «በዚህ መሃል ባለው ባዶ ቦታ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል የሚመልሰው የአጠቃቀም ምልክት ነው። ትልቁ ስህተት ጎረቤትን ሳያማክሩ ድንበር መሳል ነው። አዋስ ቲንግኒዎች ካሸነፉ በኋላ የባለቤትነት ወረቀቱ እስኪሰጣቸው ድረስ ሰባት ዓመት አልፏል፤ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት በአጎራባች ማኅበረሰቦች የሚነሳው የተደራረበ የይዞታ ጥያቄ ነበር። 73,000 ሄክታር የሚጠጋው መሬት ማረጋገጫ የተሰጠው በዲሴምበር 2008 ነው። ከጎረቤት ጋር የሚደረግ የጽሑፍ ስምምነት ከክሱ በፊት ቢያልቅ ተከሳሹ የሚደገፍበት ምርኩዝ አያገኝም።

የመድልዎ ክስ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ይፈልጋል። በቼክ ሪፐብሊክ ኦስትራቫ ከተማ የሮማ (በአውሮፓ ተበትኖ የሚኖር አናሳ ሕዝብ ነው) ልጆች የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወደ ተከፈቱ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። «ሮማ ስለሆኑ» የሚል ወረቀት የለም፤ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፤ ወላጆችም ፈርመዋል። መንግሥት የተማሪዎችን ብሔር አይመዘግብም። የከሳሾቹ ወገን ለየትምህርት ቤቱ ርዕሳነ መምህራን መጠይቅ ልኮ ቁጥሩን ሰበሰበ። ከሮማ ልጆች 50.3 በመቶው፣ ከሌሎቹ ግን 1.8 በመቶው ብቻ በልዩ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ አንድ የሮማ ልጅ ወደዚያ የመላክ ዕድሉ በ27 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2006 የ18ቱን ልጆች አቤቱታ ውድቅ ቢያደርግም፣ ታላቁ ችሎት በኖቬምበር 2007 በ13 ለ4 ድምፅ ለእነሱ ፈረደ።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው ቀጥተኛ ያልሆነ መድልዎ የሚባለው መርህ ነው፤ በላዩ ሲታይ ለሁሉም እኩል የሆነ አሠራር በውጤቱ አንዱን ወገን ለይቶ ከጎዳ፣ የመጉዳት ሐሳብ መኖሩን ማረጋገጥ አያስፈልግም። ሁለተኛው የማስረዳት ሸክም ነው። ከሳሽ የልዩነቱን ግምት በቁጥር ካቆመ፣ ልዩነቱ ምክንያታዊ መሆኑን ማስረዳት የተከሳሹ ተራ ይሆናል። መንግሥት የርዕሳነ መምህራኑ ቁጥር ግምት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ የተሻለ ቁጥር ግን ራሱ አላቀረበም። ይህ ዘዴ የሚሠራው ንጽጽሩ ከተስተካከለ ነው። የተጎጂውን ወገን ቁጥር ብቻ ይዞ የቀረበ፣ በተመሳሳይ ጊዜና ቦታ የሌሎቹን ያልያዘ ክስ ስታቲስቲክስ ሳይሆን አቤቱታ ነው።

በር ላይ የሚወድቁ አቤቱታዎች

ወደ አህጉራዊ አካል የሚሄዱ ብዙ አቤቱታዎች ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ይመለሳሉ። ዋናው ምክንያት በአገር ውስጥ ያለውን የፍትሕ መንገድ ጨርሶ የመምጣት ግዴታ ነው፤ በአፍሪካ ቻርተር አንቀጽ 56(5) ላይ ይገኛል። ድንጋጌው ራሱ መውጫ አለው፤ የአገር ውስጡ ሂደት ያለ አግባብ ከተጓተተ መጨረሱ አይጠበቅም። የኬንያ ኑቢያውያን ልጆች ከልደታቸው ጀምሮ ዜግነታቸው ሳይታወቅ በማደጋቸው በቀረበው አቤቱታ፣ በኬንያ ፍርድ ቤት ከ2003 ጀምሮ የተያዘው መዝገብ ለዓመታት እልባት ስላላገኘ፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብት ባለሙያዎች ኮሚቴ ጉዳዩን ተቀብሎ በማርች 2011 ወሰነ። ይህን መውጫ ለመጠቀም የተጓተተውን መዝገብ ቀጠሮ በቀጠሮ መዘርዘር ያስፈልጋል፦ ምን ቀን ቀረበ፣ ለምን ተቀጠረ፣ ማን ቀረ። «ፍርድ ቤቶቻችን ነጻ አይደሉም» የሚል አጠቃላይ አነጋገር ብቻውን አይበቃም።

የት መክሰስ እንደሚቻልም መታወቅ አለበት። በታንዛኒያ አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ከግለሰብና ከሲቪል ማኅበር በቀጥታ አቤቱታ የሚቀበለው፣ መንግሥቱ በመሥራች ፕሮቶኮሉ አንቀጽ 34(6) መሠረት ልዩ መግለጫ ከሰጠ ብቻ ነው። መግለጫ ሰጥተው የነበሩት ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ቤኒንና ኮትዲቯር ከ2016 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት አንስተውታል። ኦጊየኮችም ወደ ፍርድ ቤቱ የደረሱት በቀጥታ አይደለም፤ የ30 ቀን የመልቀቂያ ማስታወቂያ በኦክቶበር 2009 ሲደርሳቸው አቤቱታው ለኮሚሽኑ ቀረበ፣ ኮሚሽኑ ደግሞ በ2012 ወደ ፍርድ ቤቱ አስተላለፈው። የምዕራብ አፍሪካው የኤኮዋስ ፍርድ ቤት በአንጻሩ የአገር ውስጥ መንገድን መጨረስ አይጠይቅም። በ2008 በባርነት ተይዛ ለነበረች አንዲት የኒጀር ሴት 10 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ካሳ የፈረደው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ጊዜያዊ ዕግድ አንድ ነገር ብቻ። ዋናው ክርክር አምስት ወይም ስምንት ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ዕግድ ያልተጠየቀበት የመሬት ክስ ሲፈረድ መሬቱ ለሦስተኛ ወገን ተላልፎ፣ ደኑም ተመንጥሮ ሊገኝ ይችላል። ማመልከቻው የማይተካ ጉዳት ሊደርስ መሆኑን በቃለ መሐላና ቀን በተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ማሳየት አለበት። ዕግዱ የሚጻፍበት መሥሪያ ቤትም ቤት ለማፍረስ የሚመጣው ራሱ መሆን አለበት፤ ሚኒስቴሩ ታግዶ ፖሊስና የደን ጥበቃው ካልተጠቀሱ፣ አፍራሾቹ «ትዕዛዙ እኛን አይመለከትም» ይላሉ።

የሚጠየቀው ዳኝነት

የክስ ማመልከቻ ውስጥ ብዙ ድካም የሚፈስሰው በታሪኩና በሕግ ትንታኔው ላይ ነው። የመጨረሻው ገጽ፣ «የምንጠይቀው ዳኝነት» የሚለው፣ ሲመሽ በጥድፊያ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ደግሞ ያልተጠየቀውን አይሰጥም ማለት ይቻላል።

በደቡብ አፍሪካ ዋላሲዲን ውስጥ ከቤታቸው ተባረው በስፖርት ሜዳ የሰፈሩ 390 አዋቂዎችና 510 ሕፃናት የነበሩበት የግሩትቡም ጉዳይ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2000 የመንግሥት የቤት ፖሊሲ በአስከፊ ችግር ላይ ያሉትን የዘነጋ በመሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚነበብ ፍርድ ነው። ይሁንና አጠቃላዩ ትዕዛዝ መጣሱን የሚያረጋግጥ ፍርድ እንጂ ቀን የተቆረጠለት ሥራ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱም መዝገቡን ለክትትል ክፍት አላደረገም፣ ክትትሉን ለአገሪቱ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ተወው። ውሎ አድሮ የአስቸኳይ መጠለያ መርሐ ግብር መምጣቱ አይካድም፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ጉዳዩ በስማቸው የሚጠራው አይሪን ግሩትቡም ግን በ2008 ያረፉት የራሳቸው ቤት ሳይኖራቸው ነው።

ከዚህ ጋር የሕንዱን የምግብ መብት ክርክር ማስተያየት ይጠቅማል። በ2001 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀረበው አቤቱታ የመንግሥት ጎተራ ሞልቶ ሳለ ሰው መራቡን የሚመለከት ነበር። ፍርድ ቤቱ «የምግብ መብት ተጥሷል» ብሎ አላቆመም። በኖቬምበር 28 ቀን 2001 ትዕዛዙ፣ በመንግሥትና መንግሥት በሚረዳቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበሰለ የምሳ ምግብ እንዲቀርብ፣ ምግቡ ቢያንስ 300 ካሎሪና ከ8 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን እንዲኖረው፣ በዓመት ቢያንስ 200 ቀን እንዲሰጥ አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት አፈጻጸሙን ተከታትለው የሚያሳውቁ ኮሚሽነሮች ሾመ። ግራሙና ቀኑ በትዕዛዙ ውስጥ ስላሉ፣ አንድ ወላጅ ወይም ጋዜጠኛ ትምህርት ቤት ሄዶ ትዕዛዙ መከበር አለመከበሩን በዓይኑ ማየት ይችላል። ትዕዛዝ ሊለካ ይገባል የሚባለው ይህን ነው። እርግጥ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ለመፈጸም ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ መዘግየታቸውን ማሳየት የተቻለውም መለኪያ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ «ተከሳሽ የማኅበረሰቡን የመሬት መብት እንዲያከብር ይወሰንልን» የሚል ጥያቄ ሲረታ እንኳ ለአፈጻጸም አይመችም። የተሻለው አጻጻፍ እንዲህ ያለ ነው፦ ተከሳሹ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ፍርዱ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ቀያሾች እንዲመድብ፤ ልኬታው የማኅበረሰቡ ተወካዮች በተገኙበት በ180 ቀን እንዲያልቅ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በመሬቱ ላይ ማናቸውም ፈቃድ ወይም ሊዝ እንዳይሰጥ፤ ተከሳሹ በየ60 ቀኑ በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ እንዲያሳውቅ፤ ተወካዮቹም በሪፖርቱ ላይ አስተያየት እንዲያቀርቡ። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ፊት፣ ሳይፈጸም ቢቀር ምን ይሁን የሚሉት ሁሉ ሰፍረዋል። ዳኛው ቀኖቹን ሊያራዝም ይችላል፤ ጨርሶ ካልተጻፉ ግን የሚያራዝመው ነገርም የለም።

ፍርድ ቤት ቦታው ነው ወይ?

ስልታዊ ክርክርን የሚነቅፉ ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ ይመጣሉ። አንደኞቹ፣ በጀትና ፖሊሲ መወሰን ሕዝብ የመረጠው አካል ሥራ ነው፣ ዳኛ አንዱን ተከራካሪ ብቻ አይቶ የምሳ ምግብ ግራም መቁረጥ የለበትም ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ዳኛ ፊት የሌሉ ሌሎች ችግረኞችም በዚያው በጀት ይጠቀማሉና። መልሱ፣ የተገለለ ማኅበረሰብ በድምፅ ብልጫ የሚያሸንፍበት ዕድል ስለሌለው ነው መብቶች በሕገ መንግሥት የሚጻፉት የሚል ነው። በተግባር ብዙ ፍርድ ቤቶች መሃል ላይ ቆመዋል፦ ግቡንና ቀኑን ያዝዛሉ፣ ዕቅዱን መንግሥት ራሱ አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ይተዋሉ።

ሌሎቹ ነቃፊዎች ከማኅበረሰቦቹ ወገን ናቸው። ክርክሩ የሰውን ጉልበት ወደ ጠበቃ ቢሮ ያዞራል፣ ትግሉ በቀጠሮ ይታሰራል፣ ከተሸነፈም መጥፎ ፍርድ ለትውልድ ይቀራል ይላሉ። የአውስትራሊያ ታሪክ የሚያረጋግጥላቸውም የሚቃወማቸውም አለው። የጎቭ ባሕረ ገብ መሬት ነባር ነዋሪዎች የማዕድን ሥራን በመቃወም ያቀረቡት ክስ በ1971 ውድቅ ሆነ፤ ያ ፍርድ የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት የማያውቅ መሪ ውሳኔ ሆኖ ለሃያ ዓመታት ቆየ። በሌላ በኩል ሽንፈቱ ያስነሳው ቁጣ የምርመራ ኮሚሽን እንዲቋቋምና ለሰሜን ቴሪቶሪ የ1976ቱ የመሬት መብት ሕግ እንዲወጣ መንገድ ከፈተ። በ1982 በኤዲ ማቦና በሌሎች አራት ሰዎች የተጀመረውን የመሬት ክስ ደግሞ የኩዊንስላንድ ምክር ቤት በ1985 በሕግ ሊያከሽፈው ሞከረ፤ ሕጉ በ1988 ከዘር መድልዎ ሕጉ ጋር ይጋጫል ተብሎ ወደቀ፣ በጁን 1992 የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት ያወቀው ዋናው ፍርድ ተሰጠ። ማቦ ከፍርዱ አምስት ወር ገደማ አስቀድመው አርፈው ነበር። መንግሥት ጉዳዩ ገና በችሎት ሳለ ሕጉን ሊለውጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ፣ በሌላ ሕግ ላይም ተደግፎ መቆየት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በእኔ አመዛዘን ሁለተኛው ነቀፋ ይበልጥ ሊደመጥ የሚገባ ነው። ክርክር ለብቻው የተሳካበት ጊዜ ጥቂት ነው። በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳውን ኔቪራፒን በየክፍለ ሀገሩ በሁለት ሁለት የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ ወስኖት ነበር። ጁላይ 2002 ላይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ገደቡ እንዲነሳ ሲያዝዝ፣ ከሳሹ የሕክምና ዘመቻ ድርጅት አባላቱን በየሰፈሩ አደራጅቶ፣ ስለ መድኃኒቱ አስተምሮ፣ ሐኪሞችንም ምስክር አድርጎ ነበር። ትዕዛዙ ሲወጣ በየጤና ጣቢያው «የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ከፍርድ በኋላ

የአፍሪካ ኮሚሽን በኖቬምበር 2009 ኢንዶሮይሶች ወደ መሬታቸው እንዲመለሱ፣ ለአምልኮና ለግጦሽ ወደ ቦጎሪያ ሐይቅ ያለ ገደብ እንዲገቡ፣ ካሳና ከዱር እንስሳት መጠለያው ገቢ ድርሻ እንዲከፈላቸው፣ ኮሚቴያቸውም እንዲመዘገብ ወሰነ፤ ኬንያም በሦስት ወር ውስጥ አፈጻጸሙን እንድታሳውቅ ተጠየቀች። መንግሥት ለዚህ ግብረ ኃይል ያቋቋመው በ2014 ነው። ግብረ ኃይሉ የተሰጠው ሥራ ውሳኔው የሚያስከትለውን የፖለቲካ፣ የጸጥታና የኢኮኖሚ ውጤት ማጥናት ነበር፤ ማኅበረሰቡን የማማከር ግዴታ አልተጻፈበትም። ጊዜው ሲያበቃ የተመለሰ መሬት አልነበረም። ግብረ ኃይል መቋቋሙን እንደ አፈጻጸም ቆጥሮ ማጨብጨብ የተለመደ ስህተት ነው፤ መታየት ያለበት ማቋቋሚያው «ያጠናል» ይላል ወይስ «ይፈጽማል» የሚለው ነው።

በአገር ውስጥ ፍርድም ቢሆን መንግሥት የፍርድ ባለዕዳ ሲሆን አፈጻጸሙ ከተራ ዕዳ ይለያል። በብዙ አገሮች የመንግሥት ንብረት በአፈጻጸም አይያዝም። ስለዚህ ቀሪዎቹ መንገዶች ኃላፊውን በስም ጠርቶ ፍርድ ቤት በመድፈር ማስጠየቅ፣ የበጀት ጥያቄውን ከበጀት ወቅቱ በፊት ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለምክር ቤት ማድረስ፣ እንዲሁም ለአፈጻጸም መዝገቡ በየቀጠሮው ማስረጃ ማቅረብ ናቸው። ፍርዱ ማኅበረሰቡ በሚናገረው ቋንቋ ተጠቃሎ መነበብም አለበት፤ ባለመብቱ የማያውቀውን ትዕዛዝ የአካባቢ ሹም አያስታውስለትም።

ካሳ ሲመጣ ሌላ ጠብ ይመጣል። ማን አባል ነው፣ ከከተማ የገቡትስ፣ ያገቡ ሴቶችስ፣ በቤተሰብ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? በኦጊየክ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ካሳው ወደ ማኅበረሰብ ልማት ፈንድ እንዲገባ ያዘዘው ገንዘቡ ለሁሉም እንዲደርስ በማሰብ ነው። የፈንዱ መተዳደሪያ፣ የፈራሚዎቹ ማንነትና የኦዲት ሥርዓቱ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ሊጸድቅ ይገባል፤ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ በየወገኑ ጥርጣሬን ይጭራል።

የመጨረሻው ነገር ወጪ ነው። ተሸናፊ የአሸናፊን ወጪ በሚከፍልበት ሥርዓት አንድ ሽንፈት ድሃ ማኅበርን ያፈርሳል። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2009 በባዮዋች ጉዳይ፣ በቅን ልቦና መንግሥትን በሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ከሶ የተሸነፈ ወገን በመርህ ደረጃ የመንግሥትን ወጪ አይከፍልም ብሏል፤ በሌሎች አገሮች ይህ ጥበቃ መኖር አለመኖሩ ክስ ከመመሥረቱ በፊት መጣራት አለበት። ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በጀት የሚይዙት እስከ ፍርዱ ቀን ነው፤ ጠበቃውም ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ መዝገብ ይሄዳል። ኢንዶሮይሶች ውሳኔው እስኪመጣ የጠበቁት ስድስት ዓመት ነበር፤ አፈጻጸሙን ሲጠይቁ ግን ከዚያ ብዙ የበለጡ ዓመታት አልፈዋል። የክርክር በጀት ሲረቀቅ ለተወካዮች መጓጓዣ፣ ለቀያሽ፣ ለክትትል ሪፖርትና ለአፈጻጸም ጠበቃ የሚሆነው መስመር ከፍርዱ በኋላ ላሉት ዓመታትም መያዝ አለበት።